የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሳይደርስ ቤተሰብን ማለማመድ

ጥያቄ፦ እናቴ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ልጆቼም ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ቢነሣ በአንድ መሶብ የሚበላ ቤተሰብ ከአሁኑ ምን ሊለማመድ እንደሚገባው ብትገልጹልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ከሁሉ አስቀድመው እጅ መታጠብን ያስለምዱ። ልጆቹ ከውጭ ሲገቡ፣ ከምግብ በፊትና ከሳሉ በኋላ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ፣ የጣቶቻቸውን መካከልና የጥፍራቸውን ሥር ጭምር አሽተው፣ ከላይ በሚፈስ ውኃ ይለቅለቁ። ቫይረሱ በጠንካራ ነገሮች ላይ እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል የበር እጀታና ጠረጴዛ በየዕለቱ ይወልወሉ፤ ለዚህም 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው በረኪና 20 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውኃ መበጥበጥ ይበቃል። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ግን መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይሞክሩት።

መልስ 2፦ ጉርሻንም ያስቡበት፤ መተዉ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሆኖም በሽታው የያዘው ሰው ምልክት ከማሳየቱ 1 ቀን በፊት ጀምሮ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ለእናትዎ ለብቻ በሳህን ማቅረብ ፍቅርን አይቀንስም።

መልስ 3፦ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ (የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ) ጋር በሚያያዘው የኅዳር 12 ልማድ ቆሻሻን መሰብሰቡ መልካም ነው፤ ቆሻሻው ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ግን የታማሚን ሳንባ ስለሚያስጨንቅ፣ ከማጠን ይልቅ መስኮት ከፍተው ክፍሉን ያናፍሱ።