የእሑድ ምሽት 2 ሰዓት ከሩብ

ውድ የውይይቱ ተሳታፊዎች፣

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ የመጣ ወንድማችን «ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራውና የቋንቋ ትምህርቱ ይዘውኝ ይውላሉ፤ እሑድን ግን እንዴት ነው የምታሳልፉት?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የእግር ኳስ ማኅበሩም፣ የቡናው ጥሪም በየተራ ተነግሮታል። እኔም አንድ መልስ ነበረኝ፤ ሽበቴን አስቤ ዝም አልሁ እንጂ መልሴ ቴሌቪዥን የሚል ነበር። ዛሬ ግን ልጽፈው ተነሣሁ። በፍራንክፈርት አካባቢ በኖርሁባቸው ዓመታት የወደድኋቸውን ዝግጅቶች አንድ በአንድ ሳስታውስ ሁሉም የእሑድ ሆነው አገኘኋቸው፤ ይህም እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

የጀርመን እሑድ ምን እንደሚመስል ለቆያችሁት መንገር አያሻም። ሱቁ ዝግ ነው፤ ግድግዳ መብሳት ክልክል ነው፤ ባዶ ጠርሙስ እንኳ ወደ መሰብሰቢያው የሚጣለው በሥራ ቀን ነው። እሑድን ከቅዳሴ መልስ በዘመድ ጥየቃ፣ በማኅበርና በሠርግ ቤት ግርግር ለለመደ ሰው ይህ ጸጥታ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ቅጣት ይከብዳል።

በዚያን ጊዜ የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳት ተንከባካቢነት ነበር፤ አዲስ ሠራተኛ በመሆኔም የእሑድ የማታ ተራ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ለእኔ ነው። በአዘቦት ቀን አረጋውያኑ እራታቸውን በጊዜ በልተው ወደየክፍላቸው ይገባሉ፤ እሑድ ግን ስድስት ሰባት የሚሆኑት «አንሄድም» ብለው በጋራ መቀመጫው አዳራሽ ይቀራሉ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ዜናው ይገባል፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ በቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ዓይኖች፣ የዒላማ ክብና የሚሮጥ ሰው እግሮች ይታያሉ። ክላውስ ዶልዲንገር የደረሰው የመክፈቻ ሙዚቃ ሲጀምር፣ የገዛ ልጃቸውን ስም የሚረሱ አንዲት እናት ሳይቀሩ በጣታቸው የወንበሩን ክንድ እየመቱ ዜማውን ይከተላሉ። እኔና «ታትኦርት» የተባለው የወንጀል ምርመራ ድራማ የተዋወቅነው በዚህ ሁኔታ ነው።

ስሙ «ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 29 ቀን 1970 ሲሆን «ታክሲ ወደ ላይፕዚግ» የሚል ርእስ ነበረው፤ ጀርመን ለሁለት በተከፈለችበት ዘመን አንድ የሃምቡርግ መርማሪ ድንበር ተሻግሮ ወደ ምሥራቁ ስለመሄዱ የሚተርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 1,000ኛው ክፍል ሲደርስ ያንኑ ርእስ መልሰው ሰጡት። ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት በኋላ አሁንም አዲስ ክፍል የሚታየው በዚያው በእሑድ፣ በዚያው ሰዓት ነው።

ያሰናዱት ሰዎች የየከተማውን መልክ ያሳየናል ብለው አስበውበት ይሁን አይሁን እንጃ፣ እኔ ግን ጀርመንን በባቡር ሳልዞርባት በፊት የዞርሁባት በዚህ ዝግጅት ነው። አኤርዴ የሚባለው ጣቢያ የየክፍላተ ሀገሩ የስርጭት ድርጅቶች ኅብረት በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ከተማና የራሱን መርማሪዎች ይዞ ይቀርባል፤ የኦስትሪያና የስዊዘርላንድም አሉበት። አንድ እሑድ ሙኒክ ላይ ከ1991 ጀምሮ አብረው ያረጁትን ባቲችንና ላይትማየርን አይ ነበር፤ በሌላው ሳምንት የኮሎኞቹ ባላውፍና ሼንክ ጉዳያቸውን ጨርሰው በራይን ወንዝ ዳር ከአንዲት የቋሊማ መሸጫ አጠገብ ቆመው ቢራ ሲጠጡ፣ ከወዲያ ማዶ ካቴድራሉ ይታያል። በሙንስተር ደግሞ ቲልና ቦርነ እርስ በርስ ሲነቋቆሩ ግድያው ይረሳል፤ ጀርመኖች ቀልድ አያውቁም የሚል ሰው እነዚህን ሁለቱን ይይልኝ። መርማሪው የደወል ቁልፍ ተጭኖ በር በተከፈተለት ቁጥር እኔም ተከትዬ እገባለሁ፤ የድኃውንም የሀብታሙንም ወጥ ቤት፣ ደረጃውን፣ በረንዳውን አያለሁ። በእውነተኛው ኑሮ በአምስት ዓመት ውስጥ የገባሁባቸው የጀርመኖች ቤቶች ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም ነበር።

ከሁሉ በላይ የሳበኝ አነጋገሩ ነው። መርማሪው ነፍሰ ገዳዩን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሲመረምር፣ ሲቆጣም ጠረጴዛ ሲደበድብም «ዚ» (እርስዎ) ማለቱን አይተውም። በእኛ ልማድ የተጠረጠረ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ አንቱታው ደጅ ስለሚቀር፣ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ፌዝ መሰለኝ። ቆይቶ እንደገባኝ ግን የእነርሱ «ዚ» የእኛን «እርስዎ» በሰዋስው ይመስለዋል እንጂ በልብ አይገጥመውም፤ የእኛው ዕድሜንና ማዕረግን ሲያከብር የእነርሱ በሁለት ሰዎች መካከል ያለውን አጥር ይጠብቃል፤ አጥሩ ደግሞ ለወንጀለኛም ይገባዋል። በዚያው ሰሞን የ22 ዓመት ባልደረባዬ «ዱ» ብላ አንተ ስትለኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። ለዓመታት «ዚ» ሲባባሉ የኖሩ ሁለት መርማሪዎች አንድ ምሽት ብርጭቆ አጋጭተው ወደ «ዱ» ሲሻገሩ ካየሁ በኋላ ነው፣ ልጅቱ እንዳልናቀችኝና ወደ ውስጥ ግባ እንዳለችኝ የተረዳሁት።

«ትናንት ማታ ከ8 እስከ 10 ሰዓት የት ነበሩ?» የሚለው ጥያቄም ባለውለታዬ ነው። በየሳምንቱ ስለማይቀር የኃላፊ ጊዜን ግሥ ከመማሪያ መጽሐፌ ይልቅ እርሱ አስተምሮኛል፤ ችግሩ እነርሱ 8 ሲሉ የእኛ 2 መሆኑን እያሰላሁ የምደርሰው ተጠርጣሪው መልሶ ከጨረሰ በኋላ ነበር። ከአረጋውያኑ መካከል አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ግን ጥያቄና መልስ ሳያስፈልጋቸው ገዳዩን በ10 ደቂቃ ውስጥ ይለዩታል። ዘዴያቸውን ስጠይቃቸው «በእንግድነት ከመጡት ተዋንያን ውስጥ ዝነኛው ማን እንደሆነ እይ፤ ገንዘብ የተከፈለው ለእርሱ ነው» አሉኝ። እኔም እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ፤ ብዙም አልተሳሳትሁበት።

ዝግጅቱ እንከን የለበትም አልልም። ብዙ ክፍሎች መጨረሻቸው ላይ ስብከት ያበዛሉ፤ እንደ እኛ ያለ ስደተኛም ለረጅም ጊዜ የሚታየው ወይ በሟችነት ወይ በተጠርጣሪነት ነበር። በካምፓላ ተወልዳ በኤሰን ያደገችው ፍሎረንስ ካሱምባ በ2019 በጎቲንገን መርማሪ ሆና ስትመጣ፣ የመጀመሪያዋ ጥቁር የታትኦርት መርማሪ መሆኗን ጋዜጦቹ ጻፉ። የእኔ መጦሪያ አረጋውያን ግን የተከራከሩት «ኮቷ ያምራል፣ አያምርም» በሚለው ላይ ነበር፤ እኔም በውስጤ ደስ አለኝ።

የእሑድ ጠዋቱ ደግሞ የልጆቼ ነው። «የአይጧ ዝግጅት» ከማርች 1971 ጀምሮ የሚታይ ሲሆን፣ የጥርስ ሳሙና ላይ ባለ ቀለም መስመሮቹ እንዴት እንደሚገቡ፣ ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር፣ አንድ ዕቃ ከፋብሪካ እስከ ቤት እንዴት እንደሚደርስ በዝግታ ያሳያል። ልጆች ይማሩበታል ይባላል፤ በእኔ ቤት ግን ብርቱካናማዋን አይጥና ሰማያዊውን ዝሆን ከልጆቹ ይልቅ አፍጥጬ የማያቸው እኔ ነኝ። በመክፈቻው ላይ የዕለቱ ይዘት በጀርመንኛ ከተነገረ በኋላ ያው ቃል በሌላ ቋንቋ ይደገማል፤ ቀጥሎም የየትኛው ሕዝብ ቋንቋ እንደነበረ ይነገራል። ልማዱ በ1970ዎቹ ለሥራ ከመጡት የቱርክ፣ የጣሊያንና የስፔን ቤተሰቦች ልጆች ጋር የተያያዘ ነው። ልጆቼ ስሙ ከመነገሩ በፊት ለመገመት ይሽቀዳደማሉ፤ ታናሹ «የእኛስ መቼ ነው?» ብሎ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል።

«ሊንደንሽትራሰ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ የማነሣው ስላዘንሁለት ብቻ ነው። ከዲሴምበር 1985 እስከ ማርች 2020 በየእሑዱ ታይቶ በ1,758ኛው ክፍል አበቃ። በሙኒክ አንድ ጎዳና ላይ ስላሉ ጎረቤቶች የሚተርክ ሆኖ ሳለ የሚቀረጸው ኮሎኝ ውስጥ ነበር፤ ምርጫ በተካሄደበት እሑድ የዚያኑ ምሽት ውጤት ተዋንያኑ ሲያወሩት ይሰማ ነበር። ጎረቤቴን በስሙ ሳላውቀው የዚያን ጎዳና ሰዎች ትዳርና ጠብ አውቅ ነበር ብል አላጋነንሁም።

አንድ ነገር ለአዲስ መጤዎች ልጨምር። ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም የስርጭት መዋጮው ይመለከታችኋል። ከኦገስት 2021 ወዲህ ለአንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ሲሆን፣ የሚከፈለው በሰው ቁጥር ሳይሆን በቤት ነው፤ አራት ሆናችሁ አንድ ቤት ከተከራያችሁ አንዳችሁ ብቻ ይከፍላል። ከመንግሥት የኑሮ ድጎማ ወይም የጥገኝነት ጠያቂ ድጋፍ የሚቀበል ሰው ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ራሱ ካላመለከተ ማንም አያስታውስለትም። እኔ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ማስታወቂያ መስሎኝ ጥዬው፣ የዘገየሁበትን ቅጣት ጨምሬ ከፍያለሁ።

አክባሪያችሁ፣ ከፍራንክፈርት

—

ከካስል የተጻፈ ምላሽ

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ከባለቤቴ ጋር አብረን አነበብነው፤ ስለ «ዚ» እና ስለ «ዱ» የጻፉት ለእኔም የሆነ ነው። ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም። የእርስዎ ችግር ጀርመንኛ በነበረበት ዘመን የእሑዱን ሰዓት ለታትኦርት መስጠትዎ ትክክል ነው፤ በእኔ ቤት ግን ጀርመንኛ ሞልቶ ፈስሷል፣ እየተራበ ያለው አማርኛው ነው። ሁለቱ ልጆቼ ሲጣሉ የሚሰዳደቡት በጀርመንኛ ነው።

ስለዚህ የእኛ የእሑድ ዝግጅት «ጸሐይ መማር ትወዳለች» ሆኗል። ከካልሲ የተሠራችው የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስትጀምር አስተማሪዋ ብሩክታዊት ጥጋቡ ያሰበቻቸው የአገር ቤት ሕፃናት ነበሩ፤ እጅ መታጠብንና ፊደልን ያስተማረቻቸው እነርሱን ነው። የካስል ልጆች ግን የሚወዷት በሌላ ምክንያት ነው፤ አነጋገሯ ዝግ ያለና የጠራ ስለሆነ የአያታቸውን የስልክ አማርኛ ለመከታተል መሰላል ሆናቸዋለች። እኔ ደግሞ ማታ «እረኛዬን» ደግሜ አያለሁ፤ የገጠሩን አነጋገር ስሰማ እናቴ አጠገቤ የተቀመጠች ይመስለኛል።

አንድ የከበደኝ ነገር አለ። የአማርኛው ዝግጅት ሁሉ በዩቲዩብ ስለሚገኝ ሰዓት የለውም፤ ባለቤቴ በስልኩ፣ እኔ በስልኬ፣ ልጆቹ በታብሌት ሆነን አንዱ ቤት አራት ቤት ሆነ። እርስዎ ያወሩለት የአዳራሹ ዓይነት ስብስብ በእኛ ቤት እንዴት ይመጣል?

—

ከፍራንክፈርት

እኅቴ፣ ትችትሽን ተቀብያለሁ። የጻፍሁትን መልሼ ሳነበው አንድም የአማርኛ ዝግጅት አለማንሣቴ ለእኔም ገረመኝ። ምክንያቱ አለመውደድ አይደለም፤ «ሰው ለሰው» በሚታይበት ዘመን አበበ ባልቻ የሠራውን አስናቀን የማይረግም ሐበሻ ቤት አልነበረም፣ የእኔም ቤት ከእርግማኑ አልጎደለም። ነገር ግን እርሱን የማየው እንዳልሽው ከሥራ መልስ በባቡር ውስጥ፣ ማዳመጫ በጆሮዬ ሰክቼ ስለነበር፣ ከጎኔ ለተቀመጠው ሰው «አየኸው ይሄን ክፉ!» ማለት አልችልም ነበር። ለካ የምወደው ታሪኩን ብቻ ሳይሆን አብሮ መራገሙንም ኖሯል።

ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ቀላል ነው። ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታችሁ አንድ ሰዓት ቁረጡ፤ ቀኑ እሑድ ከሆነ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። ቡናው በዚያው ሰዓት ይፈላ፤ ያመለጠው ሰው ለብቻው እንዳያይ፣ ያዩት እንዲተርኩለት ይሁን። እኛ ካለፈው ዐቢይ ጾም ወዲህ እንዲህ እያደረግን ነው፤ ትልቋ ልጄ ሦስት ሳምንት አኩርፋ በአራተኛው ፈንዲሻውን ራሷ ይዛ መጣች።

ለወንድማችን ደግሞ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ረስቼ ነበር። በአኤርዴ ላይ የቴሌቴክስት ገጽ 150ን ሲከፍት የሚነገረው ሁሉ በጽሑፍ ከሥር ይወጣለታል፤ እኔ የጡረተኛውን የባቡር ሠራተኛ የፍራንክፈርት ዘዬ መረዳት የጀመርሁት ይህን ካገኘሁ በኋላ ነው። ከ2024 ጀምሮም የዚሁ ጣቢያ ዜና በቀላል ቋንቋ ተዘጋጅቶ ይቀርባል፤ የምሽቱን ዜና ከመስማቱ በፊት እርሱን ቢሰማ ግማሹን መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ልጆች ላላችሁ ሁሉ፦ «የአይጧ ዝግጅት» ከ2011 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 3 ቀን «የበር መክፈቻ ቀን» ያደርጋል፤ በሌላ ጊዜ የማይገባባቸው ፋብሪካዎች፣ ቤተ ሙከራዎችና የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ለልጆች በራቸውን ይከፍታሉ። ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። እኔ ሦስቱን ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ፤ መኪናው ውስጥ ሁለት ቦታ ስላለኝ ከካስል በባቡር የሚመጡ ልጆች ካሉ ከጣቢያው እቀበላቸዋለሁ።