ሰዓቱ በየጠዋቱ ወደ 2011 የሚመለስ ዴስክቶፕ፤ ባትሪ ተቀይሮም አልተስተካከለም

ጠያቂ፦ ሄርማታ ጽሕፈት

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሄርማታ አካባቢ ባለ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ሁለት ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ዴስክቶፖች አሉ፤ ሁለቱም ዊንዶውስ 10 ናቸው። ማታ ቤቱ ሲዘጋ፣ መብረቁም የመብራቱ መዋዠቅም ስለሚያሰጋ ዲቫይደሩ ከሶኬት ይነቀላል።

አንደኛው ጠዋት ሲበራ «ታይም ኦፍ ዴይ ኖት ሴት» ብሎ ይቆማል። ኤፍ1 ሲጫን ይቀጥላል፣ ቀኑ ግን ጃንዋሪ 1፣ 2011 ሆኖ ይገኛል፤ ኢሜይልም አይከፍትም። ማዘርቦርዱ (ዋናው ቦርድ) ላይ ያለው ሰዓት ጠባቂ ባትሪ ከተቀየረ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ለውጥ የለም። ጥገና ቤት «ማዘርቦርዱ አብቅቶለታል፣ ይቀየር» ተብሏል።

ሁለተኛው ሰዓቱን አይረሳም። ጠዋትም ማታም 2018 ይላል፤ ግን እሱም ድረ ገጽ እምቢ ይላል። የሁለቱ ችግር አንድ ነው? ማዘርቦርድ ሳይገዛ የሚሞከር ነገር ካለ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

መልስ 1፦ ጊቤ ማዶ

ወንድሜ፣ አንድ አይደለም። ሁለተኛው ምንም አልተበላሸም፤ የተሞላለት የእኛ ዓመት ነው። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ 2018 ስትለው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ድረ ገጽ ሁሉ እንደ መታወቂያ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው ሰርተፊኬት አለው፤ ዕድሜውም ከአንድ ዓመት ብዙም አይዘልም። ባለ 2018ቱ ኮምፒውተር ዘንድሮ የወጣ ሰርተፊኬት ሲቀርብለት «ይሄ እኮ ገና አልተሰጠም» ብሎ በሩን ይዘጋል።

ታች ቀኝ ጥግ ያለው ሰዓት ላይ በቀኝ ክሊክ «አጀስት ዴት ኤንድ ታይም»ን ክፈት። ታይም ዞኑ ናይሮቢ የሚለው፣ ፕላስ 3 ይሁን። ቀጥሎ «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ»ን አጥፋና ቀኑን በእጅህ ሙላ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አውቶማቲኩን አብርቶ ይጠብቃል፣ አይስተካከልም። ዊንዶውስ በራሱ የሚያርመው እስከ 15 ሰዓት የሚደርስ ልዩነትን ብቻ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ አይነካውም። መጀመሪያ በእጅ ሞልተህ፣ ከዚያ አውቶማቲኩን አብርተህ «ሲንክ ናው» በለው።

ሰዓቱንም እንዳትረሳ፦ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያ 9፡00 ኤኤም ነው። 3፡00 ኤኤም ብለህ ከሞላህ ድረ ገጹ ሊከፍት ይችላል፣ የፋይሎቹ ሰዓት ግን በስድስት ሰዓት ይዛባል። ዓመቱን ለማመሳከር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛው ላይ 7 ደምር፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ 8።

መልስ 2፦ ካቻቪቴ

ስለ አንደኛው። ሰዓት ረሳ ተብሎ ማዘርቦርድ አይጣልም። ነገሩ ከመነሻው ሲታይ በፈረንጅ 1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ አልነበረውም፤ የዚያን ዘመን ሲስተሙ ዶስ በተነሣ ቁጥር 1980 ብሎ ጀምሮ ቀኑን ይጠይቅ ነበር። በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ከነሴቲንግ ማስቀመጫው ቦርዱ ላይ የመጣው በ1984ቱ ፒሲ ኤቲ ነው። የእናንተው ዴስክቶፕ ባትሪው እንደሌለ ሲቆጥር የሚያደርገው ያንኑ የድሮውን ነው። ሌላው አካሉ ጤነኛ ነው።

ባትሪው ሲአር2032 ነው፤ ቁጥሩ ራሱ መጠኑን ይናገራል፦ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት። 2025 የሚባለው 2.5 ብቻ፣ 2016 ደግሞ 1.6 ነው። ሦስቱም 3 ቮልት፣ ስፋታቸውም እኩል ስለሆነ የሰዓት ድንጋይ የሚሸጥበት ቦታ አንዱ በሌላው ተተክቶ ይሰጣል። ቀጭኑ ማቀፊያው ውስጥ ይገባል፣ የማቀፊያው የብረት ምላስ ግን በደንብ አይነካውም። መጀመሪያ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብብ።

አሠራሩ፦ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ 15 ሰከንድ ተጫን፣ ክዳኑን ክፈት። ባትሪውን ሳታወጣ በመልቲሜትር 20 ቮልት ዲሲ ላይ ለካው። አዲስ ከ3.0 እስከ 3.3 ያሳያል፤ ከ2.7 በታች ከሆነ ይቀየር። አውጥቶ መለካት ያታልላል፤ የደከመ ባትሪ ብቻውን 2.9 ያሳይና ቦርዱ ላይ ሲገባ ይወድቃል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ማቀፊያውን ተመልከት። ጅማ ዝናቡ ረዥም ነው፤ አቧራው እርጥበት ሲጠጣ በባትሪው ዙሪያ ቀጭን የኤሌክትሪክ መንገድ ይሠራል፣ አዲሱንም ባትሪ በሳምንታት ያሟጥጠዋል። ቦታውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል እጠብ። የፋርማሲው 70 በመቶ ውሃ ስላለው ግማሽ ቀን ይድረቅ። ምላሱ ከጠቆረ በላጲስ አሽተህ፣ በፕላስቲክ ነገር በቀስታ ወደ ላይ ቀና አድርገው። በብረት አትግፋው፤ ከተሰበረ ያኔ ነው እውነተኛው ጣጣ።

ሌላው ጃምፐር ነው፤ ቦርዱ ላይ ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ ቆብ። ፓስዎርድ ለማጥፋት ከፍቶት የነበረ ሰው ሲሞስ (ሴቲንግ ማስቀመጫው) ማጥፊያው ላይ ትቶት ከሆነ ባትሪ ብትደረድርም አይረዳም።

ጠያቂ፦ ሄርማታ ጽሕፈት

አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ተስተካክሏል፤ ኢሜይል ከፈተ። የአንደኛው ባትሪ ጀርባ 2025 ይላል፤ ጃምፐሩ ቦታው ላይ ነው። ባትሪው ሲወጣ ሌላ የሚጠፋ ነገር አለ? ደግሞስ ማታ መንቀሉ ነው ባትሪውን የሚጨርሰው?

መልስ 3፦ አጂፕ ማዞሪያ

የሚጠፋው ሴቲንግ ነው፤ ስለዚህ ከማውጣትህ በፊት ሲበራ ኤፍ2 እየመታህ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የቦርዱ ሴቲንግ ገጽ) ግባና ሁለት ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሣ፦ «ሳታ ኦፕሬሽን» የሚለውን (ሃርድ ዲስኩ የሚሠራበት ሞድ) እና «ቡት ሲኩዌንስ»ን (ከየት እንደሚነሣ)። ዴሎች ወደ ፋብሪካቸው ሴቲንግ ሲመለሱ ሳታው «ሬይድ ኦን» ሊሆን ይችላል። ዊንዶውሱ የተጫነው በ«ኤኤችሲአይ» ከነበረ ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣና «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ካለ ደግሞ ሌጋሲና ዩኢኤፍአይ የሚባሉት ሁለቱ የማስነሻ ዘዴዎች ተቀያይረዋል። በዚህ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ሞተ ተብሎ ፎርማት የሚደረግ ማሽን ያሳዝነኛል፤ የደንበኛ ፋይል በከንቱ ይጠፋል። ፎቶው ላይ ወዳለው መልሰው፣ ይነሣል።

አዲሱን 2032 ፕላስ የተጻፈበትን ፊት ወደ ላይ አድርገህ ክተት። ሰዓቱን ባዮስ ውስጥ ሞልተህ አጥፋ፣ ገመዱን ነቅለህ አሳድር። አሥር ደቂቃ ነቅሎ መሞከር አይበቃም፤ የእናንተ ችግር የሚታየው ጠዋት ነው።

መንቀሉን በተመለከተ፦ ገመዱ ተሰክቶ ሲያድር ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኃይል ስለሚሰጥ ባትሪው አይደክምም። ሲነቀል ሸክሙ ሁሉ በባትሪው ይሆናል። ቢሆንም ሰዓቱ የሚፈልገው ጥቂት ማይክሮ አምፒር ነው፤ 5 ብንል 220 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አምስት ዓመት ገደማ ያቆየዋል። በሳምንታት ካለቀ ጥፋቱ የመንቀል አይደለም፤ ወይ ባትሪው አሮጌ ነው ወይ ካቻቪቴ ያለው እርጥበት አለ።

ስለዚህ መንቀሉን እንዳትተው፤ በክረምት የጅማ መብረቅ ፓወር ሰፕላዩን ከነቦርዱ ይወስዳል። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚመጣ ከሆነ የሞደሙን የስልክ ገመድም አብረህ ንቀል፤ መብረቁ በዚያም ይገባል፣ በኔትወርክ ኬብሉ አድርጎ ቦርዱ ላይ ይደርሳል። ያወጣኸውን ባትሪ ደግሞ ሁለቱን ፊት በፕላስተር ሸፍነህ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጠው። ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥል ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ነው።