የብረት አግዳሚ (ትራቨርሳ) ላይ ሐዲድ ማሰር፦ ዳዶው ይላላል፣ ስፋቱም ይለያያል

ገላን_ወርክሾፕ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ገላን ውስጥ ባለ የብረታ ብረት ግቢ ከመጋዘን እስከ መቁረጫ ሼድ 60 ሜትር የጋሪ ሐዲድ እየዘረጋን ነው፤ 42 ሜትሩ ቀጥ ያለ፣ 18 ሜትሩ በ40 ሜትር ራዲየስ የሚታጠፍ። ሐዲዱም የብረት አግዳሚውም በጨረታ የተገዛ፣ የአንድ ሜትር ስፋት መስመር ዕቃ ነው። ሐዲዱ በሜትር 25 ኪሎ ይመዝናል፣ የአንዱ ርዝመት 10 ሜትር። አግዳሚው የተገለበጠ ገንዳ ይመስላል፣ ርዝመቱ 1.80 ሜትር ነው፣ ከየሐዲዱ እግር ግራና ቀኝ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። ማሰሪያው ራሱ ቲ ቅርጽ የሆነ 20 ሚሊ ቡሎን፣ የብረት መቆንጠጫ፣ ሮንዴላና ዳዶ ነው። ጋሪው ባለ ሁለት አክስል ሲሆን ከነጭነቱ 8 ቶን ይሆናል።

20 ሜትሩን ለሙከራ ቀይ አሽ ላይ ዘርግተናል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት ስንለካ አንዱ አግዳሚ ላይ 1,000 ሚሊ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ 1,005፣ ሌላው ላይ 1,010 ይመጣል፤ አግዳሚዎቹ ግን አንድ ዓይነት ናቸው። ሌላው ችግር ዳዶው ነው፤ አጥብቀን አስረነው ጋሪው ጥቂት ከተመላለሰ በኋላ በእጅ ይፈታል። አንዳንዶቹ አግዳሚዎች ደግሞ ቀዳዳቸው ጥግ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለባቸው። በያጃችን "ሐዲዱን አግዳሚው ላይ በይደን እንገላገል" ይላል። ያዋጣል? ወይስ በእንዶዴ እንደሚያልፈው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የኮንክሪት አግዳሚ እንፈልግ?

የመስመር_ጥገና፦

የስፋቱ ነገር ቀላል ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። መቆንጠጫዎቹን ገልብጣችሁ ሆዳቸውን እዩ። ወደ አግዳሚው ቀዳዳ የሚገባ ጥርስ አላቸው። የጥርሱን ውፍረት በካሊፐር ለኩ፤ በ5 ሚሊ የሚለያዩ ሁለት ዓይነት መሆናቸው አይቀርም። ከላይ ሲታዩ አንድ ስለሚመስሉ ተደባልቀውባችኋል።

ሐዲዱ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ቡሎኑ ሳይሆን ይህ ጥርስ ነው። አንዱ ጎኑ የቀዳዳውን ጠርዝ፣ ሌላው ጎኑ የሐዲዱን እግር ይነካል። ስለዚህ ቀጭኑ ከውስጥ፣ ወፍራሙ ከውጭ ሲሆን ሐዲዱ ወደ ውስጥ ይጠጋና 1,000 ይመጣል። በአንደኛው ሐዲድ ላይ ብቻ ቦታ ከተለዋወጡ 1,005፣ በሁለቱም ላይ ከተለዋወጡ 1,010። ያያችሁት ቁጥር ይሄው ነው። ሁለት ቀጭን አንድ ሐዲድ ላይ ከገባ ሐዲዱ 5 ሚሊ ይጫወታል፤ ሁለት ወፍራም ከሆነ ደግሞ እግሩ ጥርሱ ላይ ይወጣና በቁልፍ ብትታገሉም አይቀመጥም። ወፍራሞቹን ቀለም ቀብታችሁ ለዩአቸው።

መለዋወጡ ጉድለት እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ ለመታጠፊያ የተሠራ ነው። በ40 ሜትር ራዲየስ መታጠፊያው ላይ ስፋቱ ትንሽ መከፈት አለበት፣ ያለበለዚያ የጎማው ከንፈር ይነክሳል። የውስጠኛውን ሐዲድ መቆንጠጫ ብቻ ቀያይሩና 1,005 አድርጉት፤ የውጪውን አትንኩት፣ ጋሪውን የሚመራው እሱ ነው። ልኩን የምትወስዱት ከሐዲዱ አናት 14 ሚሊ ዝቅ ብሎ በውስጥ ጎን ነው። አሮጌ ሐዲድ ጠርዙ ላይ የተጨፈለቀ ምላስ ስለሚኖረው መጀመሪያ በግራይንደር አንሱት።

ቲ ቡሎኑን በተመለከተ፦ ጫፉን በሽቦ ብሩሽ ስትጠርጉት በመሀሉ አንድ ሰረዝ ታገኛላችሁ። ሰረዙ የተቀረጸው ከሥር ያለው ራስ ወዴት እንደዞረ እንዲያሳይ ነው። ቡሎኑ ከላይ ገብቶ 90 ዲግሪ ሲዞር ሰረዙ ከቀዳዳው ርዝመት ጋር መስቀለኛ መሆን አለበት። ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ አብሮ ዞሮ ራሱ ወደ ቀዳዳው አቅጣጫ ከተመለሰ፣ የጠበቀ ይመስላል እንጂ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው የተንጠለጠለው፤ በመጀመሪያው ጭነት ይወጣል። ሲጠብቅ አንድ ሰው ሰረዙን እያየ ይያዝ። ሰረዝ የሌለውን ራሳችሁ በመጋዝ ቁረጡለት።

ጥብቀቱ 150 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። ቶርክ ሬንች ከሌለ አንድ ሜትር እጀታ ያለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል ጫና ማለት ነው። ቱቦ ቀጥሎ ሁለት ሰው የሚንጠለጠልበት አሠራር ቡሎኑን ይስበዋል፤ የተሳበ ቡሎን ደግሞ ደጋግሞ ይላላል። ጠፍጣፋውን ሮንዴላ አውጥታችሁ በሞላ ሮንዴላ ተኩት።

አፈርና_ጠጠር፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ዳዶው የሚፈታበት ዋናው ምክንያት ግን ከሥር ነው። የብረት አግዳሚ ውስጡ ባዶ ነው። ባዶነቱ በጠጠር ካልሞላ ጭነቱ በሁለቱ ቀጭን ከንፈሮቹ ብቻ ያርፍና ጋሪው ባለፈ ቁጥር አግዳሚው ሰምጦ ይመለሳል። ያ መንቀጥቀጥ የማይፈታው ዳዶ የለም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ከጠጠሩ ውጪ ፌሮ ትከሉ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ትይዩ በኖራ ምልክት አድርጉና ጭነት ያለው ጋሪ ይለፍ። ከ3 ሚሊ በላይ ከወረደ ችግሩ እዚያ ነው።

ቀይ አሹን አንሱት። ለመኪና መንገድ ሙሌት ጥሩ ነው፣ አግዳሚ ሥር ግን ይደቅቃል፤ ብዙ ቀዳዳ ስላለው ውሃ ይይዝና ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። የሚያስፈልጋችሁ ተፈጭቶ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ለኮንክሪት አግዳሚ እስከ 60 ሚሊ የሚደርስ ጠጠር ይሄዳል፤ ገንዳው ውስጥ ገብቶ እንዲታሸግ ግን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ያለው ይሻላል። ዱቄቱ የተነፋ ይሁን።

የአካባቢያችሁ አፈር መረሬ ነው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ፣ ክረምት ላይ የሚያብጥ አፈር ላይ ቀጥታ ጠጠር መድፋት ገንዘብ መቅበር ነው፤ ጠጠሩ ወደ ጭቃው ይሰምጣል፣ ጭቃው ወደ ላይ ይመጣል። ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አውጡና በገረገንቲ በ20 ሴንቲ ንብርብር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት። አናቱን ከመሀል ወደ ሁለት ጎን ትንሽ አዝቅዝቁት፣ ጎንና ጎኑ ላይ ቦይ ይውጣ። ከዚያ በላይ 20 ሴንቲ ጠጠር። 2.40 ሜትር ስፋት ወስዳችሁ በአግዳሚው መሀልና ጎን የሚገባውን ስትጨምሩበት ለ60 ሜትሩ ወደ 45 ሜትር ኩብ ነው፤ ባለ 16 ሲኖ ትራክ ሦስት ምልልስ።

አጠቃጠቁን አደራ። መስመሩን በክሪክ 3 ወይም 4 ሴንቲ አንሱ፣ ጠጠር አካፋ ይግባ፣ ከዚያ ሁለት ሰው ከአግዳሚው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ሆነው በድጅኖ ጠፍጣፋ ጫፍ ወደ ውስጥ አጋድለው እኩል ይጠቅጥቁ። ከአንድ ጎን ብቻ ከተጠቀጠቀ ጠጠሩ በሌላው ጎን ይወጣል። የሚጠቀጠቀው ከአግዳሚው ጫፍ ጀምሮ ከሐዲዱ ወደ ውስጥ 35 ወይም 40 ሴንቲ እስከሚሆን ድረስ ነው። መሀሉን 30 ሴንቲ ያህል ሳትጠቀጥቁ ተዉት፤ መሀሉ ከጠነከረ አግዳሚው እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፣ ሲቆይም ይጎብጣል። የተዘጉት ጫፎቹ ጠጠር ውስጥ ይቀበሩ፣ መስመሩ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዙት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከባድ ጭነቶች ካለፉ በኋላ እንደገና ጠቅጥቁ፣ ዳዶውንም ያኔ አጥብቁ። ከዚያ በፊት ማጥበቅ ልፋት ነው።

አቃቂ_ብየዳ፦

ሐዲዱን እንዳትበይዱ። የሐዲድ ብረት ካርቦኑ ከፍተኛ ነው፤ ሳይሞቅ በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድና ቶሎ ሲቀዘቅዝ ከስፌቱ ጎን ያለው ብረት እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል። ስንጥቁ ከእግሩ ይጀምርና ወደ ወገቡ ይወጣል፣ አንድ ማለዳ ሐዲዱ ተቆርጦ ታገኙታላችሁ። በዚያ ላይ ሐዲዱ በሙቀት የሚረዝምበት ቦታ ያጣል።

አግዳሚው ግን ለስላሳ ብረት ነው፣ ያለ ችግር ይበየዳል። መጀመሪያ ለዩት፦ እያንዳንዱን አግዳሚ ከፍ አድርጋችሁ በመዶሻ ምቱት፣ ጥርት ያለ የደወል ድምፅ ካልሰጠ ስንጥቅ ፈልጉ። ሐዲዱ የሚቀመጥበትን ቦታ ውፍረት ለኩ፤ ከ6 ሚሊ በታች ከሆነ እኔ ለ8 ቶን ጋሪ አላስገባውም። ስንጥቁ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከቀዳዳው ሹል ጥግ ነው፣ ጫና የሚከማችበት እሱ ነውና። ስንጥቁ ከ3 ሴንቲ በታች ከሆነ መጨረሻው ላይ በትራፓኖ የ8 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ፣ ስንጥቁን በግራይንደር በቪ ቅርጽ ክፈቱ፣ አስፋልት መሰል ቅቡንና ዝገቱን እስከ ነጭ ብረት ጥረጉ፣ ከዚያ በደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ ሙሉት። 6013 የሚባለው ለዚህ አይሆንም። ከሥር የ8 ሚሊ ላሜራ ማጠናከሪያ ይበየድ፣ የቀዳዳውም ጥግ በሞላላ ሞረድ ክብ ይሁን። ሁለት ቀዳዳ የሚያገናኝ ስንጥቅ ያለበትን ግን ቁራሌው ይውሰደው።

ገላን_ወርክሾፕ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መቆንጠጫው ልክ እንዳላችሁት ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ጥርሱ አንዱ 11፣ አንዱ 16 ሚሊ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ለ60 ሜትሩ ስንት አግዳሚ ላዘጋጅ? ቡሎኑን ትቶ በፓንድሮል (ሐዲዱን በሚጫን የሞላ ክሊፕ) መተካትስ?

የመስመር_ጥገና፦

በአንድ 10 ሜትር ሐዲድ 15 አግዳሚ አስቡ። መጋጠሚያው ጋ ያሉት ሁለቱ በ50 ሴንቲ፣ ቀጣዮቹ በ60፣ የቀሩት በ69 ሴንቲ ርቀት። ስድስት ጊዜ 15፣ 90 አግዳሚ፤ 360 መቆንጠጫና ቡሎን፤ ለመጠባበቂያ 20 ጨምሩ። መጋጠሚያው በአንድ ወገን 5፣ በሁለቱ 10 ነው፣ ስለዚህ 20 ማጋጠሚያ ፕሌትና 40 ቡሎን። በመጋጠሚያው መካከል ክፍተት ተዉ፦ 10 ሜትር ሐዲድ በአንድ ዲግሪ 0.115 ሚሊ ይረዝማል፤ ጠዋት ሐዲዱ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የ3 ሚሊ ላሜራ ቁራጭ መሀል አስገብታችሁ ግጠሙና አውጡት። የማጋጠሚያው ቡሎን ግራሶ ይቀባ፣ ሐዲዱ እስኪታነቅ አይጥበቅ።

ፓንድሮል ጥሩ ነው፣ ዳዶ የሚባል ነገር የለውም፤ ከ20 ሚሊ የሞላ ብረት የተጠቀለለች ክሊፕ ናት፣ እንደ ዓይነቷ ከ850 እስከ 1,100 ኪሎ ትጫናለች። የእናንተ አግዳሚ ግን ክሊፕ መያዣ ትከሻ ስለሌለው 360 ትከሻ በልክ መበየድ ይጠይቃል። ትከሻው በ2 ሚሊ ከሳተ ክሊፑ ወይ አይገባም ወይ አይጫንም። ለዘገምተኛ ጋሪ ያላችሁ ቡሎን ይበቃል።

ኮንክሪቱን እርሱት። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የገባው መስመር ብረት አግዳሚ የመረጠው ምስጥ ስለማይበላው ነው። በእንዶዴ የሚያልፈው 1,435 ሚሊ ስፋት ያለው፣ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መስመር ነው፤ ከባድ አግዳሚና ሐዲዱን ከሐዲድ በኤሌክትሪክ የሚለይ ማሰሪያ ይፈልጋል። መለየቱ የሚያስፈልገው በሐዲዱ ለሚሠራ ሲግናል ነው፤ እናንተ ደግሞ ሲግናል የላችሁም።

አፈርና_ጠጠር፦

መታጠፊያው ላይ ሳትቆርጡ እንዳትገጥሙ፦ የውስጠኛው ሐዲድ በ18 ሜትሩ ውስጥ ከውጪው ወደ 48 ሴንቲ ያጥራል። ጉብጠቱን ለመፈተሽ የ5 ሜትር ሲባጎ በውጪኛው ሐዲድ የውስጥ ጎን ላይ ወጥሩና መሀሉን ለኩ፤ 78 ሚሊ አካባቢ መምጣት አለበት። አንዱ ጋ 60፣ ቀጥሎ 95 ከሆነ አማካዩ ልክ ቢሆንም ጋሪው ይዘላል፣ ሐዲዱን ወደ ማጉበጫው መልሱት። የጨረታ ደረሰኙን ኮፒ ደግሞ ከሐዲዱ ጋር ግቢው ውስጥ አስቀምጡ፤ አሮጌ ሐዲድ የጫነ መኪና ኬላ ላይ መጠየቁ አይቀርም።

አቃቂ_ብየዳ፦

ሐዲዱን በኦክስጅን አትቁረጡት፣ በመቁረጫ ዲስክ ይሁን። የማጋጠሚያውንም ቀዳዳ በትራፓኖ ብሱ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ፤ በእሳት የተበሳ ቀዳዳ ይሰነጠቃል።