ለስፌትና ለስዕል ጊዜ ከየት ታመጣላችሁ?

እስቲ ምከሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ቢሮም እውላለሁ። መሳልና ሞሰብ መስፋት እወዳለሁ። ጥለቱን መጀመሪያ ባለ ስኩዌር ደብተር ላይ በከለር እስላለሁ፣ ከዚያ ወደ ስፌቱ።

ስዕሉስ ግዴለም፤ ወጥ እየተንተከተከም እርሳስ ይያዛል። ያስቸገረኝ ስፌቱ ነው። አለላው፣ ማለትም ቀለም የገባው የስፌት ሣር፣ ደረቁን አይሰፋም። በውኃ ካላለሰለሱት ሲጎትቱት ይሰነጠቃል። አርሼው፣ ወስፌዬን ይዤ ገና አንድ ዙር ሳልጨርስ «እማዬ፣ የቤት ሥራ!» ይመጣል። ስመለስ ደርቋል። ነክሬ ብተወው ደግሞ ቀለሙ ይለቃል፣ ይሻግታል። ወስፌውንም ትንሹ እንዳያገኘው መደበቅ አለብኝ። ማታ እንዳልሰፋ ዓይኔ አልገለጥ ይላል።

ባለቤቴ ክፉ አይደለም፤ «ቅዳሜ ሥሪ» ይለኛል። ቅዳሜ ግን ልብስ አጠባ አለ፣ ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ። (እሱ ቅዳሜ ኳስ አለበት፣ ይሄን ልለፈው።) እናቶቻችን ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጡ ነበር የሚሰፉት። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከማን ጋር ልስፋ?

ልጅ እያሳደጋችሁ የእጅ ሥራ የምትሠሩ፣ እንዴት ነው የምትችሉት? አለላውን ሳይበላሽ እርጥብ አድርጎ ማቆያ ዘዴ አለ? በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ይበቃል? ወይስ ለጊዜው ስፌቱን ትቼ እንደ ጥልፍና ዳንቴል መሃል ላይ ቢቋረጥ የማይበላሽ ነገር ልያዝ? ደግሞ ትልቋ ልጄ «እኔም ልስፋ» እያለች ነው፤ ወስፌ በስንት ዓመቷ ባስይዛት ይሻላል?