ቲቢያና ፊቡላ ይምታቱብኛል፤ የላቲን ትርጉማቸውን የሚያውቅ አለ?

ጠያቂ (የነርሲንግ ተማሪ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ከጉልበት በታች ያሉት ሁለቱ አጥንቶች ሁሌ ይምታቱብኛል። ባለፈው ኤክስሬይ ቀርቦልን ወፍራሙን ፊቡላ፣ ቀጭኑን ቲቢያ ብዬ ጻፍኩ። ማታ አጥንቼው ጠዋት ይጠፋብኛል። በዚያ ላይ አንዱ መጽሐፍ «ፊቡላር ነርቭ» ሲል ሌላው «ፔሮኒያል ነርቭ» ይላል፤ ሁለት ነርቭ ናቸው እንዴ? የቃሉን ትርጉም ባውቅ የሚያዝልኝ ይመስለኛል። ፈተናው ሐሙስ ነው፣ እባካችሁ።

ፊዚዮቴራፒስት፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መጽሐፉን ዝጊና እግርሽን ያዢ። ከጉልበትሽ ሎሚ ሥር ተነሺና በጣትሽ ፊት ለፊቱን ወደ ታች ውረጂ። ያ ሥጋ የሌለበት፣ ከአልጋ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ነፍስ የሚያወጣው አጥንት ቲቢያ ነው። ክብደትሽን የሚሸከመው እሱ ነው። ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ደግሞ በውስጥ በኩል ጉብ ያለው የቲቢያ ጫፍ ነው፣ በውጭ በኩል ያለው የፊቡላ። ቲቢያ በላቲን ቅልጥምም ነው፣ እንደ ዋሽንት የሚነፋ መሣሪያም ነው። ጥንት እንዲህ ያለ መሣሪያ ከእንስሳት አጥንት ይሠራ ነበርና አንድ ስም ለሁለቱም ሆነ። ወፍራሙ ዋሽንቱ ነው ብለሽ ያዢው።

ሦስተኛ ዓመት፦ ፊቡላ መጨረሻው ላይ «ኡላ» ስላለበት «ትንሽ» ማለት ነው። ክላቪኩላ «ትንሽ ቁልፍ» እንደሆነው። ትንሹ ፊቡላ በዪ፣ አለቀ።

ዘርዓ ክህነት ላቲን የተማርኩ፦ ወንድሜ፣ በክላቪኩላ ትክክል ነህ፣ «ክላቪስ» ቁልፍ ነው። ፊቡላ ግን ከዚያ ወገን አይደለም። ግሱ «ፊጌሬ» ነው፤ መሰካት፣ ማያያዝ። «ቡላ» የሚለው መጨረሻ ደግሞ ግሱን የመሣሪያ ስም ያደርገዋል፣ ልክ እኛ ከ«ከፈተ» «መክፈቻ»፣ ከ«አያያዘ» «ማያያዣ» እንደምናወጣው። ስለዚህ ፊቡላ ማለት ማያያዣ ነው። ሮማውያን ካባቸውን ትከሻቸው ላይ የሚያያይዙበት ጌጥ ነበር፤ የዛሬው መርፌ ቁልፍ በሉት። እህቴ፣ ቤት ውስጥ መርፌ ቁልፍ አይጠፋምና አምጥተሽ ከፈት አድርገሽ እይው። አንደኛው ዘንግ ጠንከር ያለ፣ ሌላው ቀጭንና ሹል፤ ሲዘጋ ጎን ለጎን ሆነው ላይና ታች ይገናኛሉ። እግርሽም እንደዚያው ነው። ቀጭኗ መርፌ ፊቡላ ናት።

ጠያቂ፦ ወይኔ! ይኸው መርፌ ቁልፍ ይዤ ነው የምጽፈው። ከእንግዲህ አይጠፋኝም። ፔሮኒያሉስ?

አጥንት ክፍል የምሠራ ነርስ፦ አንድ ነርቭ ነው እህቴ። «ፔሮኔ» ግሪክኛ ነው፤ ትርጉሙ ያው መርፌ ቁልፍ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ዓለም አቀፍ የአናቶሚ ስያሜ ፊቡላር የሚለውን አስቀደመ፣ ጥሩም አደረገ። ፔሮኒያል ከፔሪኒያል ጋር በአንዲት ፊደል ነው የሚለያዩት፣ ፔሪኒያል ደግሞ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን አካባቢ ነው የሚመለከተው። ካርድ ላይ አንዷ ፊደል ብትሳሳት አስቢው።

ይህን ነርቭ ለፈተና ብቻ አትያዢው። ከጉልበትሽ በታች በውጭ በኩል ዳሰስ ስታደርጊ ጉብ ያለ አጥንት ታገኛለሽ፣ የፊቡላ ራስ ነው። ነርቩ ከሱ ዝቅ ብሎ አንገቱን ዞሮ ያልፋል፣ ከቆዳው ብዙም አይርቅም። ጄሶ እዚያ ላይ ከተጫነው በሽተኛው እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ማንሳት ያቅተዋል። እኔ ጄሶ የታሰረለትን ሰው በዞርኩ ቁጥር «አውራ ጣትህን ወደ ራስህ ሳብ» እላለሁ። ካልቻለ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ሐኪም ወዲያው ይጠራል።

ጠያቂ፦ ጉብ ያለውን አገኘሁት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የጉልበት ሎሚስ በላቲን ምን ይባላል?

ዘርዓ ክህነት ላቲን የተማርኩ፦ ፓቴላ። ትንሽ ሳህን ማለት ነው፤ እሷ እውነትም «ትንሽ» አለባት። እነሱ ሳህን ታየቻቸው፣ እኛ ሎሚ።