ጀበናው ሲገለበጥ

ከጅማ፣ ቦሳ አዲስ

ከረጅም የውጭ ኑሮ በኋላ ሁለት ልጆቼን ይዤ ጅማ የገባሁ እናት ነኝ። ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት በዚህ ከውጭ የምንመለስ ሰዎች በምንጻጻፍበት ገጽ ብዙ ተጽፏል፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ቤት ውስጥ አደጋ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ባለፈው ወር ቡና አፍልቼ ጀበናውን ከማንደጃው እንዳወረድሁ ትንሹ ልጄ ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ መታውና ትኩሱ ቡና ክንዱ ላይ ፈሰሰ። እኅቱ ስልኬን አንሥታ በውጭ አገር የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሆነውን 911 መነካካት ጀመረች። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ያደገችበት አገር ያስተማራት ይህንኑ ነው። እውነቱን ለመናገር የእኔም እጅ መጀመሪያ የሄደው ወደ ስልኩ ነበር።

አምቡላንስ ሳይታሰብ ጎረቤት ደረሰ። አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ አንዷ የተፈጨ ቡና፣ በአጥራችን በኩል ያሉት እማማ ደግሞ ቅቤ ይዘው መጡ። በጅማ ከተማ ቆሞ «ቡና ለዚህ አይሆንም» ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ነገር ግን አይሆንም። ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፤ የቡና ዱቄት ደግሞ ቁስሉን ያቆሽሸዋል፤ በኋላም ሐኪሙ ሊያጥበው ሲል ልጁን እንደገና ያሠቃየዋል።

የሚያስፈልገው ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውኃ ነው፤ በረዶ አይደለም፤ ለ20 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ቧንቧው ግን የዚያን ቀን ደርቆ ነበር። ያዳነን ጀሪካን ነው። እማማን «እርስዎ በጆግ ያፍስሱልኝ» ብዬ ለመንኋቸው፤ ቅቤውን አስቀምጠው ያፈስሱ ጀመር። ሌላዋ ሰዓት ያዘች፤ ሦስተኛዋ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። 20 ደቂቃ የሚያለቅስ ልጅ ይዞ መቀመጥ ዘላለም ይመስላል። በክረምት ዝናብ ብርድ እንዳይመታው የቀረውን ሰውነቱን በጋቢ ጠቀለልነው፤ እጁ ከማበጡ በፊትም የእጅ አምባሩን አወለቅሁ። ውኃ የቋጠረውን ቆዳ አላፈነዳንም። የታጠበ ነጠላ ጣል አድርገንበት ወደ ሕክምና ሄድን። የሕፃን ቃጠሎ ውኃ ከቋጠረ፣ ወይም ፊትን፣ እጅን፣ መገጣጠሚያን ወይም ብልትን ከነካ ቤት ውስጥ አይታከምም።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ቀባችሁት?» ብሎ ነው። «ምንም» ስለው ቀና ብሎ አየኝ።

ከሚኒሶታ፣ አሜሪካ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። እናቴ ጅማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ክረምት ሲገባ ማንደጃውን መኝታ ክፍል አስገብተው በሩን ይዘጋሉ። «እናቴ ይተዉ» ስላቸው «ጭሱን ውጭ ጨርሶ ነው የገባው፤ ፍም ብቻ ነው» ይሉኛል። ጭስ የሌለው ፍምም እኮ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከያዛቸው ጉንፋን ነው ተብሎ መተኛት የለም፤ ወዲያው ወደ ውጭ ወጥቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ይህን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ልልክላቸው አስቤአለሁ። እዚህ ያለነው ግን ማንን እንመክራለን? ቡና ስንቆላና ዕጣን ስናጤስ እየጮኸ አስቸገረን ብለን የጭስ መጠቆሚያውን ባትሪ አውጥተን መሳቢያ ውስጥ የከተትን ስንት ነን? እኔ አንዱ ነበርሁ። አሁን መስኮት እከፍታለሁ።

ከጅማ፣ ነርስ ነኝ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ወንድሜ፣ የምትልከው በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ለ120 ቮልት የተሠራ ሶኬት ላይ የሚሰካ መሣሪያ ይቃጠላል። የጭስ መጠቆሚያ ብቻ ደግሞ ይህን ጋዝ አይለይም፤ ለካርቦን ሞኖክሳይድ የተሠራውን ግዛ።

ከምናያቸው ነገሮች ሁለት ልጨምር። ነጭ ጋዝና በረኪና በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አያይም። ከጠጣም አታስመልሱት። ነጭ ጋዝ በትውከት ጊዜ ወደ ሳንባ ይገባል፤ በረኪና ደግሞ ሲመለስ ጉሮሮን ዳግመኛ ያቃጥላል። ወተት ለመጋት ጊዜ ሳታባክኑ ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ።

ሁለተኛው ውሻ ነው። ከውጭ የመጡ ልጆች የሰፈር ውሻ ሁሉ የሚዳሰስ ይመስላቸዋል። ከነከሳቸው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ጭረቱ ትንሽ ነው ብላችሁ ሳትንቁ በዚያው ቀን ለክትባት ውሰዷቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። የሰፈራችሁን ባለ ባጃጅ ስልክ ግን ከጎኑ ጻፉ፤ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ማን እንደሚቀድም አይታወቅም።

ከጅማ፣ ቦሳ አዲስ

አመሰግናለሁ። 907ን ልጄ በራሷ እጅ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፤ የባጃጁንም ከሥሩ። እኛ ግቢ ነጭ ጋዙ በለስላሳ ጠርሙስ ነበር፤ ዛሬ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጥቷል። የልጄም ክንድ ደርቋል። እማማ ግን አሁንም ቅቤው ቢቀባ ኖሮ ፈጥኖ ይድን ነበር ባይ ናቸው፤ ውኃውን ያፈሰሱት እርሳቸው መሆናቸውን ሳስታውሳቸው ዝም ይላሉ።

ወንድሜ፣ መሣሪያውን ስትገዛ ሁለት ጨምርልኝ፤ አንዱ ለእማማ ነው። ገንዘቡን ለእናትህ በእጃቸው አደርሳለሁ፤ ማንደጃው የት እንዳለም በዚያው አይልሃለሁ።