የአየርላንድ ዓይነት የነሐስ የእጅ ደወል፦ ጌጡ ከቅርጹ ጋር ይፈስሳል?

አራዳ74
ጤና ይስጥልን። በጥንቶቹ የአየርላንድ ገዳማት ዓይነት ባለ አራት ጎን፣ 20 ሴ.ሜ. ቁመት ያለው የእጅ ደወል ፒያሳ አካባቢ ልናስቀልጥ ነው፤ ለኤግዚቢሽን። የቅዱስ ፓትሪክ ደወል ፎቶ ላይ የወርቅ ሐረግና ድንጋይ ይታያል። ያ አብሮ ነው የሚፈስሰው? ስንት ኪሎ ነሐስስ ይበቃል?

ሐረገወይን
ፎቶው ላይ ያዩት ደወሉን ሳይሆን ማኅደሩን ነው። ማኅደሩ እ.ኤ.አ. በ1100 አካባቢ ለንጉሥ ዶምናል ዑ ሎክላን የተሠራ ሲሆን የአንጥረኛውና የልጆቹ መታሰቢያ ተጽፎበታል። በውስጡ የነበረው ደወል ግን ሁለት የብረት ላሜራ በሪቬት ተያይዞ ነሐስ የለበሰ፣ ጌጥ የሌለው ዕቃ ነው።

የእርስዎ ወገን ሌላው ነው፤ እጀታው ሳይቀር በአንድ አፈሳ የወጣው ነሐስ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ልሙጥ ናቸው። ጌጥ ከፈለጉ እ.ኤ.አ. በ1881 በአየርላንድ ከሎክ ሌን ሐይቅ ደሴት የተገኘውን ይከተሉ፦ ፊቱ ላይ ቀለበት ያለው መስቀል፣ ጠርዙ ላይ በቀጥታ መስመር እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጥልፍ። (ቅጂው በአየርላንድ ፓርላማ የአፈ ጉባኤው ደወል ነው።) ባንጎር ከሚባለው የገዳም ከተማ የተገኘው ደወልም መስቀል አለው። የእኛ የብራና ሐረግ እንደ ቅጠል ይጥመለመላል፣ የእነሱ ጥልፍ ግን ማዕዘን ይሰብራል፤ ሠዓሊው እንዳያቀላቅለው።

ወናፍ
ስሌቱ ቀላል ነው። አማካይ ዙሪያው 45 ሴ.ሜ.፣ ውፍረቱ 5 ሚ.ሜ. ከሆነ ጎኑ 450 ኪዩቢክ ሴ.ሜ. ይመጣል፤ አናትና እጀታው ወደ 80። በነሐስ እፍጋት (በኪዩቢክ ሴ.ሜ. 8.7 ግራም) ሲባዛ 4.6 ኪሎ ገደማ። ማፍሰሻው ቦይ ስለሚበላ ከ6.5 ኪሎ በታች አያቅልጡ፦ 5.5 መዳብ፣ 1 ቲን።

ነሐስ የምንለው ሁለት ነገር መሆኑን አይርሱ፦ አንዱ መዳብ ከቲን፣ ሌላው መዳብ ከዚንክ። ከምናለሽ ተራ የሚገዛ የቧንቧ ቁርጥራጭ ዚንክ አለበት፤ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ጭሱም ሰውን ያተኩሳል። የኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብ ይሻላል። በቲን ፈንታ ስታኞ (የሽቦ መበየጃውን) አይጨምሩ፤ እርሳስ ካለበት ድምፁ ይሞታል። ቲን 20 በመቶ ሲደርስ ድምፁ ያምራል፣ ግን ይሰባበራል፣ መሮም አይገባውም፤ መስቀሉን ኋላ ለሚቀርጽ 15 ይበቃል። ቲኑን መጨረሻ ላይ ይክተቱ፣ ቀድሞ ከገባ ይቃጠላል።

አራዳ74
እናመሰግናለን። ሐምሌ ላይ ብናፈስስ? እጀታውንስ ለብቻ አፍስሶ መበየድ አይሻልም?

ወናፍ
ሐምሌ ላይ በአየር ብቻ የደረቀ ጭቃ አይታመንም። ደወሉ መጀመሪያ በሰም ተሠርቶ በጭቃ ይሸፈናል፤ ከጭድና ከፋንድያ የተለወሰውን ይህን የጭቃ ቅርጽ በጥላ አድርቁት፣ ሰሙን አቅልጣችሁ አፍስሱ፣ ከዚያ ቅርጹ ውስጡ እስኪቀላ ድረስ ተኩሱት። እርጥበት ከቀረ ነሐሱ እየፈነዳ ይመለሳል። ሰሙ ሲወጣ የውስጡ ጭቃ እንዳይዘም በትንንሽ የነሐስ ምስማር አስደግፉት፤ ከዘመመ አንዱ ጎን 3፣ ሌላው 7 ሚ.ሜ. ሆኖ ቀጭኑ ሳይሞላ ይቀዘቅዛል። ቅርጹ ገና ትኩስ ሳለ ማፍሰስ ነው፣ ሳያቋርጡ።

እጀታው አብሮ ይፍሰስ። የሚሰነጠቀው ከአናቱ ጋር የሚጋጠምበት ማዕዘን ነው፤ የሰሙ ሞዴል ሲሠራ እዚያ ሰም ጨምሮ ማዕዘኑን ማክበብ ይበቃል። የምላሱን ማንጠልጠያም ውስጥ አትርሱ። ምላሱ የሚመታው ከአፉ ጠርዝ ከፍ ብሎ ስለሆነ የጠርዙ ጥልፍ ከ1 ሚ.ሜ. በላይ አይጥለቅ።